ዲስክ በሽማግሌ

በእኛ ሰፈር "ኮምፒውተር ያውቃል" የሚል ስም አንዴ ከወጣላችሁ አለቀ። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ ይደወልላችኋል፤ የቴሌቪዥን ሪሞት ሶፋ ውስጥ ሲጠፋም ይደወልላችኋል። አንድ ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሽምግልና ላይ ተጠራሁ።

የተጣሉት የሰርግ ቪዲዮ ቤት ሸሪኮች ናቸው። አንዱ ካሜራማን፣ ሌላው ኤዲተር። የአዲስ አበባን ሙሽራ ሁሉ ኬክ ሲያስቆርሱ የኖሩ ሰዎች በምን ዓይንና ናጫ እንደሆኑ እስከ ዛሬ በቅጡ አልገባኝም። ካሜራማኑን ስትጠይቁት "ድሮኑን ጣለው" ይላል። ኤዲተሩ ደግሞ "የወደቀው ድሮኑ ብቻ መሰላችሁ?" ብሎ ዝም ይላል።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ዕድሜያቸውን በኦዲተርነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ዕቃውን ሲያካፍሉ ላያቸው ሰው ለዚህ የተፈጠሩ ነው የሚመስሉት። ካሜራው ለካሜራማኑ፣ ኮምፒውተሩ ለኤዲተሩ፣ ሶፋው ተሽጦ ለሁለት። መብራቶቹ ላይ ትንሽ ጭቅጭቅ ነበር፤ አለፈ። መጨረሻ ላይ የቀሩት ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉት ሁለት ሃርድ ዲስኮች ሆኑ፤ እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት። የስንቱ ሰው ሰርግ፣ መልስና ቅልቅል እዚያ ላይ ነው ያለው። እኔ የተፈለግሁትም እዚህ ላይ ነው።

"እስቲ አንተ ልጅ ንገረን፣ የትኛው ላይ ምን አለ?"

"ሁለቱም ላይ ያው ነው ጋሼ።"

"ያው ከሆነ ለምን ሁለት ተገዛ?"

"አንዱ ቢበላሽ ብለው ነው።"

"ጥሩ። ዋናው የትኛው ነው?"

"ዋና የለውም ጋሼ።"

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ዋናና ኮፒው ያልታወቀ ሰነድ በሥራ ዘመናቸው አላጋጠማቸውም።

ኤዲተሩ ዲስኮቹን ሚረር አድርጎ ነው ያጣመራቸው። አንዱ ላይ የሚጻፈው ሁሉ ሌላውም ላይ ይጻፋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ርካሽ ዲስኮችን አሰባስቦ ስለማሠራት ሲጽፉ ሬይድ 1 ብለው ቁጥር ሰጡት እንጂ፣ ነገሩ ከዚያ በፊትም ውድ ውድ ኮምፒውተሮች ላይ ይሠራበት ነበር። የኤዲተሩ ሚረር የቆመው ደግሞ ጄፍ ቦንዊክና ማት አሬንስ ሰን ማይክሮሲስተምስ ውስጥ በጀመሩት፣ ዜድኤፍኤስ በሚባል ፋይል ሲስተም ላይ ነው። እሱ ጽፎ ዝም አይልም፤ ባነበበ ቁጥር ቼክሰም በሚባል የማመሳከሪያ ቁጥር ያጣራል፣ የአንዱ ዲስክ ቅጂ ተበላሽቶ ካገኘው ከሌላው አምጥቶ ያርመዋል። ይኼን ሳስረዳ የሰብሳቢው ፊት ፈካ። "ራሱን በራሱ ኦዲት ያደርጋል በለኛ!" አሉ። ቢሆንም አላመኑኝም። እጣ ይውጣ ተባለ።

እንግዲህ ፊደል በፊደል አንድ በሆኑ ሁለት ዲስኮች ላይ እጣ ሲወጣ ቁጭ ብዬ አየሁ። ወረቀት ተቀደደ፣ "ላይ" እና "ታች" ተብሎ ተጻፈ፣ ታጠፈ፣ በባርኔጣ ውስጥ ተናጠ። የላይኛው ለካሜራማኑ ደረሰ። ፈገግ አለ። ኤዲተሩ ፊቱ ጠቆረ። ለአፍታ ያህል የላይኛው ሳይሻል አይቀርም ብዬ እኔም መጠርጠሬን አልደብቅም።

ኤዲተሩ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ የላይኛውን ዲስክ ከፑሉ፣ ማለትም ሁለቱ ዲስኮች ከተጣመሩበት ማከማቻ፣ የሚነጥለውን ትዕዛዝ ጻፈ። ዲታች ይባላል። አንዲት ፎቶ ሲደመስሱ "እርግጠኛ ነህ ወይ?" ብሎ የሚጨቀጭቅ ኮምፒውተር የዚህን ሁሉ ሰው ሰርግ ሲሸኝ ትንፍሽ አላለም። ዲስኩ ተነቀለ፣ በፎጣ ተጠቀለለ፣ ቃለ ጉባኤ ተፈረመ፣ ቡና ተጠጣ።

ሰንበት ብሎ ካሜራማኑ ደወለልኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። "ባዶ ነው!" ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶታል፤ ኮምፒውተሩ 4 ቴራባይት ዲስክ አለ ይላል፤ ፑሉን አስገባ ሲባል ግን የሚገባ ፑል የለም ይላል። "ሙሉውን ይዞ ባዶውን ሸጎጠልኝ!"

"በእጣ አይደል እንዴ የደረሰህ?"

"እጣውን ያጠፈው ማን ሆነና!"

ከዚህ ሁሉ በላይ አንዲት ሙሽራ ነበረች። ባሏ ዋሽንግተን ነው፤ የቪዛ ቃለ መጠይቋ ደርሷል፤ መጋባታቸውን የሚያሳዩ ፎቶዎች ይዛ መቅረብ አለባት። በቀን ስንቴ እንደምትደውል ካሜራማኑና ቴሌ ይወቁት። እኔ ደግሞ የዋህ ነኝ፣ "ኤዲተሩ ጋ ያለው ያው አይደል፣ ሄደህ በፍላሽ ተቀበል" አልኩት።

"እሱን ከምለምን እንደገና ድሬ ብቀርጻት ይሻለኛል።"

ስለዚህ ዲስኩን አየሁት። ዜድኤፍኤስ እያንዳንዱ ዲስክ ላይ አራት ሌብል ያስቀምጣል፤ ሁለቱ መጀመሪያው ላይ፣ ሁለቱ መጨረሻው ላይ፣ እያንዳንዱ 256 ኪሎባይት። ዲስኩ የየትኛው ፑል እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደተጣመረ፣ የጽሑፍ ዙሩም ስንት ላይ እንደደረሰ የሚጻፈው እዚያ ነው። ዲታች ሲደረግ ሰርጎቹን ማንም አይነካቸውም፤ ሌብሉ ላይ ያለው የዙር ቁጥር ግን ዜሮ ይሆናል፤ ዜሮ ያየ ሲስተም ደግሞ ዞር ብሎም አያየው። ዲስኩ የሆነው መሸኛ ሳይዝ ቀበሌ የለቀቀ ሰው ነው። ሰውየው አለ፣ ጓዙም በእጁ ነው፤ የድሮው ቀበሌ ፋይሉን ዘግቷል፣ አዲሱ ደግሞ "ከየት መጣህ?" ይለዋል። ለእንዲህ ያለው መለያየት የተሠራው ትዕዛዝ ስፕሊት ነው፤ እሱ ከነመሸኛው፣ አዲስ ስም አውጥቶ ነው የሚያሰናብተው። የሚገርመው፣ ኤዲተሩ ምንም ሳያዝ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ዲስኩን መንጭቆ ቢሰጠው ኖሮ፣ "ጓደኛዬ ጎድሏል" እያለ እያለቃቀሰም ቢሆን ይከፈት ነበር። ሥርዓት ባለው መንገድ ከመሰናበት በር በርግዶ መውጣት የሚያዋጣበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

ደግነቱ ይኼ ጉድ የደረሰበት የመጀመሪያው ሰው ካሜራማኑ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ሰው ተመሳሳይ ነገር ገጥሞት ቢጮህ፣ ቦንዊክ ራሱ ሌብሉን መልሳ የምትጽፍ ሌብልፊክስ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ሠራለት። ፋይል ሲስተሙን የፈጠረው ሰው! እኔ የቤቴን ቧንቧ የገጠመው ሰው ስልኬን እንዲያነሳልኝ ማድረግ አልቻልኩም። ፕሮግራሟ ትክክለኛውን ቁጥር ዲስኩ ውስጥ ከቀረው ዱካ ፈልጋ ትመልሳለች፤ ሌብሉ የራሱ ቼክሰም ስላለው እሱንም አብራ ታስተካክላለች። በእጅ ዜሮውን ፍቆ ሌላ ቁጥር መጻፍ አይሠራም ማለት ነው።

ከዚያ በፊት ግን ዲስኩን ሳይነኩ ሙሉውን መገልበጥ ያስፈልጋል፤ የሚሞከረው ሁሉ ቅጂው ላይ ነው። "ሌላ ዲስክ ግዛ" ስለው ካሜራማኑ ሊያንቀኝ ነበር። "ሁለቱ እንዲህ ያባሉን ሦስተኛው ምን ሊያደርገን ነው?" ገዛ። 4 ቴራባይት በሰከንድ 150 ሜጋባይት እየተገለበጠ ከሰባት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ያውም መብራት ካልሄደ። ሄደ። ዩፒኤሱ ሲያፏጭ ቆይቶ እሱም እጁን ሰጠ። የሚገለብጠው ፕሮግራም፣ ዲዲሬስኪው፣ የደረሰበትን ማስታወሻ ላይ ስለሚይዝ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ቀጠለ፤ ካሜራማኑ ግን በየመሀሉ እየተነሳ ጆሮውን ዲስኩ ላይ ያደርግ ነበር። ምን ሊሰማ እንደፈለገ አልጠየቅኩትም። ሌሊቱን ሙሉ ስለ ኤዲተሩ ነው ያወራኝ። በስድብ ጀመረ፤ ሊነጋጋ ሲል "እንደሱ ቀለም የሚያስተካክል ግን የለም" ላይ ደርሶ ነበር።

ጠዋት የቅጂው ሌብል ተስተካከለ፤ ፑሉን ለንባብ ብቻ አስገባሁት። ፎልደሮቹ ተዘረገፉ። "የመጨረሻ"። "የመጨረሻ አዲሱ"። "የመጨረሻው መጨረሻ"። "ይኼን ተጠቀም"። "ይኼን አትጠቀም"። ካሜራማኑ በጣቱ ስክሪኑን እየነካ "አዎ፣ የሱ እጅ ነው!" ብሎ በሳቅ ፈረሰ። የሙሽራዋ ፎቶዎች "ይኼን አትጠቀም" ውስጥ ተገኙ።

ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ወሬው ግን ሰብሳቢው ጆሮ ደረሰ፤ ሁላችንም ተጠራን። "ባዶ ነው ተባለ፣ ከዚያ ሙሉ ነው ተባለ። እንዲህ ያለ ሒሳብ አይዘጋም። ይመሳከር!" የሁለቱም ዲስክ የፋይል ዝርዝር ታትሞ ቀረበ፤ ወረቀቱ ራሱ ዲስኮቹን ያክላል። ማስመሪያና ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ቁጭ አሉ። ሰርግ በሰርግ፣ መልስ በመልስ፣ ራይት እያደረጉ ወረዱ። ቡናው ሦስተኛ ሲደርስ ማስመሪያው ቆመ። ኤዲተሩ ዝርዝር ላይ ካሜራማኑ ዘንድ የሌለች አንዲት ሰርግ ተገኘች።

"ከተለያዩ በኋላ የገባች ናት ጋሼ" አልኩ ቶሎ ብዬ። "በኪራይ ካሜራ የቀረጻት ናት። ከተነጠሉ ወዲህ አንዱ ላይ የሚጻፈው ሌላው ጋ አይደርስም።"

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "እኔ መጀመሪያውኑ ያው ሊሆኑ አይችሉም አላልኩም?" አሉና ወደ ኤዲተሩ ዞሩ። "ለመሆኑ የዚች ሰርግ ክፍያ ስንት ነበር?"