ሁሉም ሲስማማ

ከአዲስ አበባው ባምቢስ ፓርላማው እስካለበት አራት ኪሎ መንገዱ አጭር ነው፤ የክርክሩ ልማድ ግን አልተሻገረም። ባምቢስ ጥግ ማኪያቶ የያዙ ሁለት ሰዎች ሒሳቡን ማን ይክፈል በሚለው እንኳ አይስማሙም። እንደራሴዎቻችን ግን በመስማማት የተካኑ ናቸው።

የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ ብቁ እስኪሆን ድረስ እንደራሴዎቹን መኳንንቱና የአካባቢ ሹማምንት እንዲመርጡለት ደነገገ። ፈተናው ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጀ፤ ሕዝቡ ያለፈው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው።

የተመረጡትም ዘመናት እያለፉ ስምምነትን አጠናከሩ። በ2002ቱ ምርጫ አንድ ተቃዋሚና አንድ የግል ተወዳዳሪ ሾልከው ገቡ። በ2007 ያ ስሕተት ታረመ፤ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ወሰዱ።

እንዲህ ያለው ፍቅር በእኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1897 የአሜሪካዋ ኢንዲያና ግዛት የታችኛው ምክር ቤት፣ ፓይ የተባለውን የክብ መለኪያ ቁጥር 3.2 ሊያደርግ የሚችል ረቂቅ ሕግ 67 ለ 0 አሳለፈ። ክቡም ክብነቱን ሊነጠቅ ጥቂት ቀረው።

እንደ አጋጣሚ ለሌላ ጉዳይ ወደ ምክር ቤቱ የመጣ አንድ የሒሳብ ፕሮፌሰር ነገሩን ሰምቶ ደነገጠ፤ ሴናተሮቹንም አስጠነቀቀ። ሴኔቱ ረቂቁን ላልተወሰነ ጊዜ አስተላለፈው። እስከ ዛሬም አልጸደቀም።