«እችላለሁ» ካልክ አሳየኝ

«ስልኬ አዲስ ነው፤ የቴክኖሎጂ ክህሎቴን ‹ጥሩ› በሉልኝ» አሉ አንድ አንጋፋ መምህር፣ የራስ ምዘና ቅጽ ሲታደል። ጋሼ፣ የተጠየቁት እርስዎ ነዎት እንጂ ስልክዎ አይደለም! በዚያ ስልክ የነገውን ባዮሎጂ ምን ያደርጉበታል? የሕዋስ ክፍፍልን በቪዲዮ አሳይተው፣ መሃል ላይ አቁመው፣ «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» ብለው ክፍሉን ይጠይቁበታል? እንግዲያው «ጥሩ» ይበሉ። ካልሆነ ዝቅተኛው ሳጥን ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ነውር የለውም።

«እኔስ ሁሉም ላይ ‹በጣም ጥሩ› ሞልቼ ተገላገልኩ» አለች ሌላዋ። የተገላገልሽው ሥልጠናውን ነው እቴ! ቅጹ የሚሞላው የጎደለው ታውቆ ሥልጠና እንዲዘጋጅ ነው። ኤክሴል ላይ ድምርና አማካይ ማውጣት ሳትችዪ «በጣም ጥሩ» ካልሽ፣ አሠልጣኙ ከዚያ በላይ ያለውን ይዞ ይመጣል፤ አንቺም ሮስተሩን በካልኩሌተር ስትደምሪ ታመሻለሽ። ሐኪም ፊት ቀርቦ «ምንም አላመመኝም» ላለ ሰው መድኃኒት አይታዘዝም።

ርዕሰ መምህሩንም አልምራቸውም። «በሐቅ ሙሉ» ብለው ያሰባሰቡትን ቅጽ ለሥራ አፈጻጸም ነጥብ ካዋሉት፣ በሚቀጥለው ዓመት «አልችልም» የሚል መምህር ከየት ያመጣሉ? ሐቅ የተናገረውን የቀጡ ዕለት ውሸቱን ያዘዙት እርስዎ ነዎት።

«ቴክኖሎጂውንማ አየነው፤ ፕላዝማው ምን ፈየደ?» የሚለው ክርክር ግን ክብደት አለው፤ ቶሎ አላልፈውም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው ፕላዝማ ቴሌቪዥን ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ያስተላልፍ ነበር። ተማሪው ካልገባው ማቆም የለም፣ መመለስ የለም። መምህሩ መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት፣ የቀረውን ከተማሪዎቹ ጋር ቆሞ ይመለከታል። ታዲያ ይህ ምን ያስረዳል? መምህሩ የማያዝበት መሣሪያ ክፍል ውስጥ ምን ያህል እንደሚጎዳ ያስረዳል። እንግዲያው ወንድሜ፣ ፕላዝማውን የምታነሳው ላለመማር ከሆነ ተሳስተሃል፤ በመሣሪያው አንተ እንድታዝበት ከሆነ ግን ተማር!

«መስፈርቱስ የት አለ? በምን ልመዘን?» መስፈርቱማ አለ። ዩኔስኮ ለመምህራን የቴክኖሎጂ ብቃት ማዕቀፍ ያወጣው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሦስተኛው እትም በ2018 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። በስድስት ዘርፍ 18 ብቃቶችን ይዘረዝራል። ልብ በል፦ የመሣሪያ አጠቃቀም ከስድስቱ አንዱ ብቻ ነው። የማስተማር ዘዴው፣ ሥርዓተ ትምህርቱና ምዘናው፣ የክፍል አያያዙ፣ የመምህሩ የራሱ ሙያዊ ዕድገት ሁሉ ይጠየቃሉ። ፓወር ፖይንት መክፈት ብቻ «ብቃት» የሚባልበት ቅጽ ከገጠመህ፣ ቅጹ ራሱ ይመዘን በል።

«ልጆቹ ይበልጡናል፤ ምን እናስተምራቸዋለን?» ቲክቶክ በማገላበጥ ይብለጡህ። ያዩት እውነት መሆኑን የሚያጣሩበትን መንገድ ማን ያሳያቸው?

«መብራት የለ፣ ኔትወርክ የለ፤ ምኔ ይመዘናል?» እዚህ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ። ያልተሰጠህን ዕቃ አልተጠቀምክም ተብለህ ልትወቀስ አይገባም። ስለዚህ ቅጹ «አላውቅም» እና «ዕቃው የለኝም» የሚሉትን ለያይቶ ይጠይቅ፤ የመጀመሪያው ሥልጠና፣ ሁለተኛው በጀት ይፈልጋልና። ካልለያየ አንተው ጎኑ ላይ ጻፍበት። ቪዲዮ ከተማ ላይ አውርዶ በፍላሽ ይዞ መምጣት ግን ኔትወርክ እስኪዘረጋ አይጠብቅም።

«ጡረታዬ ደረሰ፤ አሁን ልማር?» አሉ የመጨረሻው። ጡረታው የእርስዎ ነው፤ ተማሪው ገና 12ኛ ክፍል ነው። በ2016 ዓ.ም. ከብሔራዊ ፈተናው ተፈታኞች ከፊሎቹ በኮምፒውተር ተፈትነዋል። ተማሪዎችዎ ማውዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨብጡት ፈተና አዳራሽ ውስጥ እንዳይሆን፣ እባክዎ «አልችልም» የሚለው ሳጥን ላይ ዛሬ ምልክት ያድርጉና ሥልጠናውን በስምዎ ይጠይቁ።