የደቻቱ ክስ

ድሬዳዋ ወንዟን ደቻቱን ከሰሰችው። ክሱ ቀላል አልነበረም፤ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ሰው በተኛበት መጥቶ ከ200 በላይ ነፍስ ወስዷል። ለዳኝነት የተሰየመችው የሳቢያን የከርሰ ምድር ውሃ ናት። ፊቷን ያየ ባይኖርም ከተማው የሚጠጣው ከእሷ ነው። (ድሬ ላይ አንቱታ እምብዛም አይዘወተርምና ዳኛዋንም ሁሉም «አንቺ» አሏት። አልተቀየመችም።)

«ይሄ ሰውዬ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፤» አለች ከተማዋ። «ልጆቼ ኳስ ይጫወቱበታል፤ ከከዚራ መጋላ በእግራቸው ይሻገሩታል። አምነነው እንጂ ዳርቻው ላይ ቤት እንሠራ ነበር?»

«እኔ መንገድ ነኝ፤» አለ ደቻቱ። «ውሃውን ያወረደብኝን ተራራ፣ ደንገጎን ጠይቂው።»

ደንገጎ ተጠራ። «ከላይ ያፈሰሰብኝ ደመናው ነው» አለና ዝም አለ። ውሃ ቁልቁል ሲወርድ ጥፋት ሽቅብ የሚወጣበት አገር ነው መቼም።

ደመናው እያለከለከ ደረሰ። «ፀሐይ ከባሕር ላይ እንፋሎት አድርጋ አነሳችኝ፤ ነፋስ እየነዳ አመጣኝ። ደንገጎ ደረቱን ገትሮ ሲቆምብኝ ሽቅብ ወጣሁ። ከፍ ስል በረደኝ፤ ሲበርደኝ ደግሞ ጠብታ መሆን እንጂ ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? አያቴም እዚሁ ነበር የሚዘንበው። እሱን ማን ከሰሰው?»

ፀሐይ «ሥራ አለብኝ» ብላ አልቀረበችም። ይቅርታ ተደረገላት።

ዳኛዋ ወደ ተራራው ዞረች። «ደንገጎ፣ ድሮ ዝናቡን ትይዝልኝ ነበር። ቅጠልህ ያበርደዋል፣ ሥርህ አፈሩን ያላላለታል፤ ውሃው ቀስ ብሎ ይሰርጋል፣ በአሸዋ ድንጋዩና በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ አድርጎ ዘግይቶም ቢሆን እኔ ዘንድ ይደርሳል። አሁን ግን በአንድ ሌሊት ሽው ብሎ ያልፈኛል። ምን ነካህ?»

ተራራው ጋቢውን ገለጠ። ትከሻው ጉቶ ብቻ ነበር። «ከሰል ሆነ፤» አለ።

«ማን ገዛው?»

ከተማዋ የከሰሉን ማዳበሪያ በእግሯ ወደ ኋላ ገፋ አደረገችው። «ቡና በምን ላፍላ ታዲያ?» አለች። «ደግሞም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ ዳርና ዳር ግንብ ሠርቻለሁ!»

«ደግ አድርገሻል። ግንቡ ጎርፉን ከቤትሽ ያርቀዋል፤ ወደ እኔ ግን አያስገባውም። ጄሪካኑ ሲሰለፍ ደግሞ የምትጮኺው በእኔ ላይ ነው። ከአንቺ በኩል ሳይቋረጥ እየሰረገ የሚደርሰኝ የሽንት ቤትሽ ፍሳሽ ብቻ ነው።»

ችሎቱ አጉረመረመ። ደቻቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

«ቀጠሮ ይሰጠኝ፤» አለች ከተማዋ። «ከክረምቱ በኋላ።»

ዳኛዋ ደመናውን አየችው።

«እኔ ከዚያ በፊት እመጣለሁ፤» አለ።