ዓሣ የሌለበት አኳሪየም፦ የቂሊንጦ ጥናት

ቂሊንጦ ረቂቅ ነፍሳትን በትዕግሥት መጠበቅ የማያውቅ ሰፈር አይደለም። የሃይኒከን ፋብሪካ ቢራ የሚጠምቅበት ነው፤ ጎረቤቱ ቃሊቲ ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያም የከተማዋን ቆሻሻ ውኃ ለባክቴሪያ እያስበላ ያጠራል። ሁለቱንም «ምን ትጠብቃላችሁ?» ብሎ ያስቸገራቸው የለም። ጥያቄው የሚነሳው ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ 60 ሊትር ውኃ የሞላ፣ መብራት የበራበት፣ አየር የሚንቦቀቦቅበት፣ ግን አንድም ዓሣ የሌለበት አኳሪየም ሲታይ ነው። የዚህ ጥናት ትኩረት ያ ውኃና ጠባቂው ናቸው።

ዓሣ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ ዓሣን ይገድላል። ሐይቅ ውስጥ ይህን የሚያስተናግዱ ባክቴሪያዎች ሞልተዋል፤ የጣና አምባዛ ቤቱ እስኪዘጋጅለት ደጅ አልጠናም። አዲስ የመስታወት ሣጥን ግን ባዶ ነው። መጀመሪያ አሞኒያን ወደ ናይትራይት የሚለውጡት ይመጣሉ። ናይትራይትም የዓሣን ደም ቡናማ አድርጎ ኦክስጅን መሸከም የሚያሳጣ መርዝ ስለሆነ፣ እሱን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ይከተላሉ። ናይትሬትን ዓሣው በመጠኑ ይችለዋል። ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በ1890 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉትን ባክቴሪያዎች ለይቶ ሲያወጣ አዲስ አበባ የአራት ዓመት ከተማ ነበረች። ከተማዋ ከዚያ ወዲህ ፈጥናለች፤ ባክቴሪያዎቹ እዚያው ናቸው። ዛሬም ሥራቸውን ለማደላደል ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ፤ ብርድ ሲሆን ደግሞ ይለግማሉ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በኅዳር ሌሊት፣ በማሞቂያው ተማምነው እያሉ መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም።

ጠባቂዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። ችኩሉ በመጀመሪያው ቀን ዓሣ ይጨምራል፤ ስለ እሱ ጥናቱ ሐዘኑን ገልጾ ያልፋል። ብልሁ ከቆየ አኳሪየም አሮጌ ስፖንጅ ለምኖ ያመጣል፤ የእንጀራ እርሾ ተበድሮ ለሚያውቅ ቤት ይህ ማብራሪያ አይሻም። ታጋሹ ጠዋት ጠዋት የዓሣ መኖ ቆንጥሮ ባዶ ውኃ ላይ ይበትናል። መኖው ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል፣ አሞኒያው ለባክቴሪያዎቹ ምግብ ይሆናል። ሳይንሱ እንከን የለውም። ለማንም ያልሆነ ምግብ ሲያቀርብ ከኋላው ቆማ ለምታየው ሚስቱ ማስረዳት ግን ሌላ ሙያ ነው።

መለኪያው ጠብታ ነው። በትንሽ የመስታወት ቱቦ 5 ሚሊ ሊትር ውኃ ይቀዳል፣ ጠብታው ይጨመራል፣ ይናወጣል፣ ደቂቃ ይቆጠራል። በተለመደው መለኪያ አሞኒያ ካለ ቱቦው አረንጓዴ ይሆናል፤ አሞኒያው ሲያልቅ ቢጫ። ነገሩ ሲደላደል የናይትሬቱ ቱቦ ወደ ቀይ ይሄዳል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፤ ቅደም ተከተሉ ጠባቂውን ከወንበሩ ሊያስነሳው ይችል ነበር፣ መሀል ላይ የናይትራይት ሐምራዊ ገብቶ አልወጣም ባይል።

ወደ እንግዶቹ እንለፍ። «ዓሣው የታል?» የሚለው ወገን ተራ ነው። «ሞተባችሁ እንዴ? እግዜር ያጽናችሁ» የሚለው ቅን ነው። ሦስተኛው ውኃው ጥርት ብሎ፣ መብራት በርቶለት፣ እንዳይነካ ተከልክሎ ሲያይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከየትኛው ደብር የመጣ ነው?» ይላል።

አራተኛው ወገን ግን ሰፊ ምርመራ ይገባዋል፤ እሱም ባለ ጀሪካን ጎረቤት ነው። ይህ ዝርያ ውኃ በመጣ ቀን አይታይም። ፈረቃው ሲዘል፣ በርሜሉ ሲንኳኳ፣ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ ደረጃውን ይወጣል። በሁለት ይከፈላል፤ ጀሪካኑን ደጅ አስቀምጦ የሚገባና ይዞት የሚገባ። ደጅ የሚያስቀምጠው ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ሁለት ስኒ ቡና ያህል ያወራል፤ ዓይኑ ግን ገና ሲቀመጥ ሒሳቡን ጨርሷል፤ 60 ሊትር ማለት ሦስት ጀሪካን ነው። ይዞ የሚገባው አይቀመጥም። ይህኛው ንዑስ ክፍል ብዙውን ጊዜ እትዬ ናቸው።

«ልጄ፣ ያ ውኃ ሥራ ከሌለው አንድ ጀሪካን ቅዳልኝ።»

«እትዬ፣ ውኃው እኮ ሥራ ላይ ነው።»

«ምን ይሠራል?»

«ባክቴሪያ ያረባል።»

ተሕዋስ ይግደልልኝ ብሎ ውኃ አጋር በሚጨምር ሕንጻ ውስጥ ከዚህ የባሰ መልስ የለም። እትዬ ጠባቂውን ትኩር ብለው ያዩታል፣ ከዚያ ጀሪካኑን ያያሉ፣ ከዚያ ክዳኑን መፍታት ይጀምራሉ።

የሚያናድደው፣ ሳይንሱም ለእሳቸው መፍረዱ ነው። ባክቴሪያዎቹ በብዛት የሚኖሩት ውኃው ውስጥ ተንሳፍፈው ሳይሆን ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ነው። ስፖንጁ እርጥብ እስከሆነና አየር እስካገኘ ድረስ አንድ ጀሪካን ተቀዳ ብሎ የሚፈርስ ነገር የለም። የሚያሰጋው የተቀዳው ሳይሆን የሚመለሰው ነው፤ ከቧንቧ ትኩስ የመጣ ውኃ ክሎሪን አለው፣ ክሎሪን ደግሞ ወዳጅ ባክቴሪያ አይለይም። በዚህ በኩል ፈረቃው ባለውለታ ነው። ክፍት በርሜል ውስጥ ውሎ ያደረ ውኃ ክሎሪኑ በአብዛኛው ይተንለታል።

የአኳሪየሙ ውኃ ለመጠጥም ለወጥም አይሆንም፤ ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት ግን ምን ይጎድለዋል? ናይትሬቱ ማዳበሪያ ስለሆነ ለእትዬ የበረንዳ ጤና አዳምም ተስማምቷል። ዓሣ ከገባ በኋላ ደግሞ በየሳምንቱ ሩብ ያህሉን መቀየር ግድ ነው፤ ይህም ጀሪካን ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው ነው። እትዬን «ሥጋት» ከሚለው ምድብ አውጥቶ «መሣሪያ» በሚለው ለማስገባት ተሞክሮ ነበር፤ ሰንጠረዡ አልቻላቸውም፣ ተቀደደ።

በመጨረሻ ጉፒ የሚባሉት ዓሦች ገቡ። ጉፒ እንቁላል አይጥልም፤ ጫጩት ይወልዳል፣ ያውም በወር አንዴ ገደማ። ጠባቂው አሁን በየፎቁ እየዞረ የሚያከፋፍለው ዓሣ ነው። እትዬም ቀረበላቸው፣ ከጠርሙስ እስከ ማጣሪያ ምን እንደሚያስፈልግ ተዘረዘረላቸው፣ እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ጥሩ፤ መጀመሪያ ውኃ ይምጣ።»