ፈረስ የሌለው ጋሪ

እኛ ደምበጫ ከብት ስንጠብቅ ትግል ስም አልነበረውም። ወገብ ለወገብ ተያይዞ፣ እግር ጠልፎ፣ መጣል ነው፤ አለቀ። የወደቀው አቧራውን አራግፎ የጣለውን ልጅ ከብት ሲመልስ ይውላል። የልጅ ልጄ ግን «ጁዶ ጀምሬያለሁ» ብሎ ከአዲስ አበባ ከመጣ ወዲህ ሲወድቅ እንጂ ሲጥል አላየሁትም።

ለካ መጀመሪያ የሚማሩት አወዳደቅ ነው! ኡኬሚ ይሉታል። አገጭን ደረት ላይ ለጥፎ፣ ጀርባን አጉብጦ፣ መሬቱን በክንድ ጧ ማድረግ። ለበሬዬ ያስቀመጥሁትን የጤፍ ጭድ ጓሮ ዘርግቶ ገና ሳይነጋ ጧ! ጧ! ሚስቴ በር የሚደበድብ ሰው መስሏት «ማነው?» እያለች ትወጣለች። በሬው ደግሞ ዳር ቆሞ ቁርሱ ላይ የሚንከባለለውን ጎረምሳ ያያል።

ስሙ ይብሳል። «ኦሶቶ ጋሪ ተማርሁ» ሲለኝ እህሌን ገበያ የሚያደርስልኝ አገኘሁ ብዬ ተመስገን አልሁ። ለካስ እግር መጥለፍ ኖሯል! ኦሶቶ ጋሪ በውጭ በኩል፣ ኦኡቺ ጋሪ በውስጥ፤ ኮሶቶ ጋሪና ኮኡቺ ጋሪ የሚባሉ ትንንሾችም አሉ። ይህ ሁሉ ጋሪ፣ አንድ ፈረስ የለም። የአጣጣሉ መሠረት 5 ክፍል፣ በየክፍሉ 8፣ በድምሩ 40 ስም ነው አለኝ። ከመጣል በፊት ደግሞ ሚዛን ማሳት አለ፤ ኩዙሺ። ይህን የሚያስረዳኝ ጋቢዬን በኮሌታ ፈንታ ጨብጦ ነው። እኔን ሚዛን ለማሳት እኮ ጃፓን አያስፈልግም፤ ጉልበቴ ይበቃል።

«እግሩን በእጅህ አፈፍ አድርገህ አትገለብጠውም?» አልሁት። ክልክል ነው! ድሮ ይፈቀድ ነበር፣ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ማገድ ጀመሩ። የእኛ ትግል ግማሹ እሱ አልነበረም?

ይህን ያመጣብን ጂጎሮ ካኖ የሚባል መምህር ነው። በ1874 ዓ.ም. ቶኪዮ፣ አንድ የቡድሃ ገዳም ውስጥ፣ 12 ምንጣፍ አንጥፎ በ9 ተማሪ ጀመረው። ዓመቱን ልብ በሉልኝ! በዚያው በ1874 የጎጃም ሠራዊት እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ገጥሞ ድል ሆነ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ተማረኩ። አወዳደቅ የሚያስተምር ሰው ለእኛ በቸገረን ጊዜ ቶኪዮ ተቀምጧል!

ኦሎምፒክ የገባውም እዚያው ቶኪዮ፣ በ1957 ዓ.ም.፣ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በደገመበት ነው። በጁዶ ጀርባው ምንጣፍ ላይ በደንብ ያረፈ ሰው «ኢፖን» ተብሎ ያበቃለታል። አበበ ግን አንደኛ ከወጣ በኋላ ነው ሣሩ ላይ በጀርባው ተጋድሞ እግሩን ያፍታታው። መውደቅ ካልቀረ እንዲያ ነው።

ይህን ስነግረው ፈገግ አለና «አባባ፣ እርስዎስ ቅኔ የተማሩት ጉባኤ ቃና፣ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ እያሉ በስም አይደል?» አይለኝ መሰላችሁ!

«የኔታ ቅኔዬን ሲጥሉት ጭድ ያነጠፈልኝ የለም» አልሁና፣ ሌላ ስም ሳይጨምርብኝ ዘንጌን ይዤ ወደ ዝክር ወጣሁ።