ሰማዩ ፋሽን አልገባውም

ሐምሌ ሲገባ የአዲስ አበባን ቡቲኮች መስታወት ብቻ አይቶ የሚያልፍ እንግዳ፣ ከተማዋ ባሕር ዳርቻ ላይ የተቆረቆረች ሊመስለው ይችላል። አምስቱም ጣት የሚታይበት ክፍት ጫማ፣ በሁለት ቀጭን ጠፍር ብቻ እግር ላይ የሚንጠለጠል ሰንደል፣ ነጭ ታኮ፣ ክሬም ታኮ፣ ብርቱካናማ ታኮ ተደርድሯል። «የሰመር ኮሌክሽን ገብቷል!» ይላል ከላይ የተለጠፈው ወረቀት። ከመስታወቱ ወዲህ ዶፍ ይወርዳል። ቦዩ ሞልቶ አስፋልቱን ይዞታል፤ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቧል።

ክፉ ሰው ይህን አይቶ ይስቃል። እኔ አልስቅም። ይህን የምጽፈው ለመስታወቱ ጥብቅና ልቆም ነው። ጥፋቱ የሰማዩ እንጂ የጫማው አይደለም።

እስቲ በፍርድ እንነጋገር። የዓለም ሴቶች ምን እንደሚጫሙ የሚወሰነው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፌብሩዋሪና በሴፕቴምበር፣ ኒውዮርክ፣ ለንደን፣ ሚላንና ፓሪስ ላይ ነው። ሴፕቴምበር ላይ የመጪው ሙቀት ክፍት ጫማ ይታያል፤ ፌብሩዋሪ ላይ የመጪው ብርድ ቡትስ ይታያል። ከዚያ ፋብሪካው ይቆርጣል፣ ይሰፋል፣ በስድስት ወሩ ገደማ ሱቅ ያስገባል። የእነሱ ሰማይ ሥርዓት ያውቃል፤ ሰንደሉ ሱቅ ሲደርስ ፀሐይ ትወጣለች። የእኛው ግን ከማንም ጋር ሳይመካከር ክረምትን ሰኔ 26 አስገብቶ መስከረም 25 ያስወጣል። የአዲስ አበባን የዓመት ዝናብ ግማሽ ያህሉን ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይዘረግፈዋል፤ ልክ ሚላን ጣቷን ገልጣ በምትንሸራሸርበት ወቅት። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩታችንም ትንበያ ከመናገር አልፎ ሰማዩን ለማረም አንድ እርምጃ ሲወስድ አልታየም።

ጥር ላይ ደግሞ ተራው የቡትስ ነው። ውስጡ ፀጉር የለበሰ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ስቶክሆልም ላይ በረዶ ለመርገጥ የተሰፋ ቡትስ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ሲሉ አባቶች ስለ ጫማው ምንም አላሉም፤ ስለዚህ ጃንሜዳ ላይ በጠራራ ፀሐይ፣ በሀበሻ ቀሚስ ሥር፣ እግር በገዛ ላቡ ሲቀቀል ይውላል። ማታ ሲወልቅ ቤተሰቡ መስኮት ይከፍታል።

ነገሩን ያባባሰው የነጋዴዎቻችን ቅልጥፍና ነው። ድሮ ፋሽን ወደዚህ አገር በአህያ ተጭኖ የሚመጣ ይመስል ዓመት ሁለት ዓመት ይፈጅበት ነበር። ዛሬ ጓንዡ ወይም ኢስታንቡል ላይ የታየው ጫማ ፎቶው በዕለቱ ስልካችን ላይ ነው፤ ጫማው ራሱ ሳይውል ሳያድር በሻንጣ ቦሌ ይደርሳል። አሁን ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ይህ ሁሉ ስድስት ወር፣ ስድስት ወር ብቻ ቢዘገይ፣ የሐምሌው ሰንደል ለጥር ፀሐይ፣ የጥሩም ቡትስ ለሐምሌ ጭቃ በደረሰልን ነበር። እግራችን ደረቅ እንዲሆን ግማሽ ዓመት ኋላ መቅረት ይበቃን ነበር። ግን ማን ኋላ ይቀራል? ከዓለም እኩል መራመድ ማለት በዓለም ሙቀት መራመድ ነው፤ የተረፈውን ጉንፋን ይጨርሰዋል።

እኛ 13 ወር እንቆጥራለን፤ ቡቲኩ የሚያውቀው የዘንድሮና የአምና የሚባሉ ሁለት ዘመኖችን ብቻ ነው። «እህቴ፣ እሱ የአምና ነው» ሲል ሻጩ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሐዘን የሚያረዳ ነው የሚመስለው። የአምናው ጫማ አልተቀደደም፣ አልጠበበም፣ ታኮው አልተነቀለም። አምና ብቻ ሆነ። አምና አፍንጫው ሹል ነበር፣ ዘንድሮ አራት ማዕዘን ነው፤ የእኛ ጣቶች ግን እንደ ተፈጠሩ ናቸው፤ አምና መሐል ላይ ሲጨፈለቁ ከርመው ዘንድሮ እንዲበተኑ ተፈቀደላቸው። ለከርሞ እንደገና ይሰበሰባሉ። ስልክ ላይ ከፎቶው ሥር ዋጋውስ ብለው ቢጠይቁ «ኢንቦክስ» ይባላሉ። በአደባባይ የማይነገር ዋጋ ምን ያህል እንደሚያሳፍር ሻጩ ከእኛ ቀድሞ ያውቃል።

ደግሞ እኛ ሴቶች ለዚህ ሁሉ መላ የለንም ያለው ማነው? ጠዋት ሜክሲኮ ወይም መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆምነውን ሴቶች ዝቅ ብላችሁ እግራችንን ተመልከቱ። ስኒከር፣ ፍላት፣ አንዳንዷም የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ። ታኮው የት አለ? ቦርሳ ውስጥ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከምሳ ዕቃው ጎን። ቢሮ ሲደርስ ከጠረጴዛ ሥር ይደረጋል፣ ባለቤቱ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትውላለች፣ 11 ሰዓት ሲሆን እንደገና ይጠቀለላል። አንዳንዱ ጫማ እንዲህ እየተንፈላሰሰ፣ መሬት ሳይነካ ዘመኑን ይጨርሳል። ሰው ጫማ ተሸካሚ ሆኖ ሳለ ሰልፉ ላይ ከፊታችን የቆሙ እናት «ልጄ፣ በባዶ እግርሽ ብትሄጂስ?» ቢሉን ቅር ይለናል።

በእግር መሄድ ግድ ሲሆን ኮብልስቶን አለ። በድንጋይና በድንጋይ መካከል የተተወው ክፍተት የቀጭን ታኮ ጫፍ ተለክቶ የተሠራ እስኪመስል ድረስ ልክክ ይላል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቬኒስ ወይዛዝርት ቾፒን የሚባል፣ አንዳንዱ 50 ሳንቲ ሜትር የሚቆም ጫማ አድርገው ሲወጡ ገረዶች ይደግፏቸው ነበር። እኛ ጓደኛ እንይዛለን። ጓደኛችንም ታኮ ያደረገች እንደሆነ መንገዱ ረዘም ይላል።

ታኮ ክብሩን የሚያገኘው ሠርግ ላይ ነው። ከአዳራሹ በር እስከ ጠረጴዛው ያለችውን ምንጣፍ በግርማ ሞገስ ያልፋል፤ ፎቶው ይነሣል፤ ተልእኮውም እዚያ ላይ ይፈጸማል። እስክስታ የትከሻ ነውና ለጊዜው ይታገሳል። ጉራጊኛው ሲመታ ግን ጉዳዩ ወደ እግር ይዞራል፤ ባንድ አፍታ ከጠረጴዛው ሥር የጫማ ክምር ይታያል፣ ሙሽራዋን ጨምሮ አዳራሹ ሙሉ ሴት በባዶ እግሩ መሬቱን ይደልቃል። የወር ደመወዝ የወጣበት ጫማ ጥግ ላይ ተጋድሞ ባለቤቱ ስትደሰት ያያል። በነገራችን ላይ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ ስንሄድ ጫማ የሚቀረው በር ላይ ነው። ፈጣሪ እስከ ዛሬ የዘንድሮውን ሞዴል አላየውም።

ስለ ሶልም አንድ ነገር ልበል፤ ጉዳዩ የአእምሯዊ ንብረት ስለሆነ። ፈረንሳዊው ክርስቲያን ሉቡታን በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ የአንድ ጫማ ሶል የረዳቱን ቀይ የጥፍር ቀለም ቀባበት። ከዚያ ወዲህ ቀይ ሶል የእሱ ምልክት ሆነ፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በፈረንጅ 2018 ይኸው ምልክት ጥበቃ እንዳይሰጠው የሚከለክል ነገር የለም አለ። ይህ ውሳኔ ለቀይ አፈራችን አልደረሰውም። የወለጋ መንገድ በየክረምቱ የስንቱን ሶል ያለ ፈቃድ፣ ያለ አንዳች ክፍያ ቀይ ሲቀባ ይኖራል። ጠበቃ የሚያቆም ቢገኝ ካሣው ስንት ይሆን?

አሁን ግን ከልቤ የምኮራበትን ልንገራችሁ። ኢትዮጵያ በሴቶች ጫማ ፋሽን ውስጥ አንድ ታላቅ አስተዋጽኦ አላት፤ እስካሁን ያመሰገናት የለም። የፍሎሬንሱ ጫማ ሰሪ ሳልቫቶሬ ፌራጋሞ ለታኮ ጫማ ወገብ መደገፊያ የሚሆን ጥሩ ብረት ይጠቀም ነበር። ሙሶሊኒ በ1928 ዓ.ም. መስከረም ላይ ወረረን፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የመንግሥታት ማኅበር በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ጣለ። ለእኛ ማዕቀቡ ምንም አልፈየደልን፤ ፌራጋሞ ግን ጥሩ ብረት አጣ። ሲቸግረው የሰርዲኒያን ቡሽ እየቆራረጠና እያጣበቀ ከተረከዝ እስከ ጣት ሥር ያለውን ባዶ ቦታ ሞላው። ዛሬ ሻጮች ዌጅ የሚሉት ድፍን ታኮ እንዲህ ተወለደ፤ በፈረንጅ 1937 ደግሞ ፓተንት አወጣበት። ማይጨው ላይ ብዙው ወገናችን የዘመተው በባዶ እግሩ ነው። ባዶ እግሩን የቆመ ሰው ለዓለም ወይዛዝርት ጫማ አስፈለሰመ ማለት ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ልግስና አለ?

ልግስናውስ ይሁን። ከታኮ ሁሉ ኮብልስቶን ውስጥ የማይሰነቀር፣ ጭቃ የማይውጠው ይኸው ድፍኑ ታኮ ብቻ ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ፣ ለእኛ መንገድ የተሠራ ይመስላል። ታዲያ ቡቲክ ገብታችሁ ጠይቁ። ሻጩ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የአምና ነው።

ተስፋ ግን አለ፤ ፋሽን ዞሮ ዞሮ ወደ እኛ ቀዬ መምጣቱ አይቀርም። በፈረንጅ 2022 ባሌንሲያጋ የተቀዳደደና የቆሸሸ ስኒከር 100 ጥንድ ብቻ አውጥቶ አንዱን 1,850 ዶላር ሸጠ። ሊስትሮዎቻችን እንዲህ ያለውን ጫማ ሲያዩ ለመጠገን መነሣታቸው ያልሠለጠነ ልማድ ነው፤ መርፌና ማስቲሻቸውን በጊዜ ቢቀሟቸው መልካም ነው። ከዚያ ደግሞ በ2024 ጄሊ የሚሉት የፕላስቲክ ጫማ በውድ ቤቶች መደርደሪያ ላይ ወጣ፤ የኒውዮርኩ ዘ ሮው የሸጠው ከ800 ዶላር በላይ ነበር። ፎቶውን ያዩ አያቶቻችን ወዲያው ያውቁታል። ኮንጎ ነው! ያለ ካልሲ የሚደረግ፣ ወንዝ ተሻግሮ ተራግፎ የሚደርቅ፣ ገበያ ላይ የሚሸጥ ኮንጎ ጫማ። ገጠር ያለችው ዘመዳችን በዚያ ጫማ ከተማ ስትመጣ «ይሄንንማ አውልቂልኝ» ብለን የገዛንላትን ክፍት ታኮ አስደርገናት፣ እሷ ስትንገዳገድ ፋሽኑ ኮንጎዋን አንሥቶ ሄደ። አሁን እንድትመልስልን መለመን ነው።

የቀረው ነገር ትንሽ ነው። በ2004 ዓ.ም. የቻይናው ኋጂየን ዱከም ላይ ፋብሪካ ከፍቶ ለአሜሪካ ገበያ የሴቶች ጫማ ማምረት ጀመረ። የአገሩ እጅ የሰፋው ጫማ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሄደ፤ ምናልባት ከዋሽንግተን ለእረፍት የመጣች የአክስት ልጅ ሻንጣ ውስጥ ሆኖም ተመለሰ። «የአሜሪካ ነው፣ ያስታውቃል» ተባለለት፣ ሰው አገላብጦ አደነቀው። በ2014 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የሚያስገባው የአጎዋ ዕድል ሲቋረጥ እንኳን ሐዘናችን ለሠራተኞቹ ይሁን ለሻንጣው አልለየም።

የመርካቶ ጫማ ሰሪዎችም ይህን ፍቅራችንን ጠንቅቀው ያውቃሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ብዙዎች ከስረው ዘግተዋል፤ የቀሩት ቆዳቸውንም ስፌታቸውንም አሻሽለው ተነሥተዋል። ዛሬ የዓለምን አዲስ ሞዴል ከስልክ ፎቶ አይተው በአጭር ቀን ያወጡታል፤ ውስጡ ላይ «ሜድ ኢን ኢታሊ» ለጥፎ የሚሸጥም አይጠፋም፤ ያለዚያ ማን ይገዛዋል። ከእነዚህ ባለ ሙያዎች አንዱን ዶፉ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ ሶሉ ወፍራም፣ ውሃ የማያስገባ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን የሴት ጫማ ይሰፋላት እንደሆነ የምትጠይቅ ሴት አትጠፋም። ከሚጠፍረው ሰንደል ላይ ቀና ብሎ ያያታል።

«ቡትስ? አሁን ሲዝኑ አይደለም እህቴ፤ ጥር ላይ ብቅ በይ።»