ቀለም የቆጠረ ድጎማ

የአውስትራሊያ መንግሥት ለሰፈር ስፖርት ማዘውተሪያዎች 100 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ስፖርት አውስትራሊያ የተባለው መሥሪያ ቤት አመልካቾቹን ነጥብ እየሰጠ ደረደራቸው፤ ምስኪን፣ ምርጫ መድረሱን የነገረው የለም። የስፖርት ሚኒስትሯ ቢሮ ግን ቀለም የቆጠረ ነው። የምርጫ ክልሎቹን በየፓርቲያቸው ቀለም ቀብቶ ሰንጠረዥ አወጣ። እውነትም ነጥብ የሜዳውን ጭቃ እንጂ የመራጩን ማመንታት አያሳይም። ወንበሩ በጥቂት ድምፅ የሚነጠቅ ሰፈር ደግሞ መልበሻ ክፍሉ ቶሎ ያረጃል መሰለኝ። በሦስተኛው የድጎማ ዙር ገንዘብ ከተፈቀደላቸው 73 በመቶው መሥሪያ ቤቱ ያልመከራቸው ነበሩ።

ዋና ኦዲተሩ በጃንዋሪ 2020 ጉዱን ዘረገፈው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሚኒስትሯ ለቀቁ። በሰንጠረዡ እንዳይመስላችሁ! ድጎማ ያገኘ የተኩስ ክለብ አባል መሆናቸውን ባለማሳወቃቸው ነው። ቀለሙማ ምን አጠፋ?